ሳይቃጠል በቅጠል

አንድ ሕፃን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ወላጆቹ የሚጨነቁት ስለ ትኩሳቱና ስለ አተነፋፈሱ ነው። ስለ ኩላሊቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኩላሊት በሕፃኑ ጡጫ ልክ ሆና ሌት ተቀን ደም የምታጣራ፣ ስትጎዳም ብዙ ጊዜ ሕመም የማታሰማ ብልት ናት።

የሚያሳዝነው፣ ይህች ብልት አንዳንድ ጊዜ የምትጎዳው በሽታውን ለማዳን በተሰጠው መድኃኒት መሆኑ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎችም ዘወትር የሚታዘዘው ጄንታማይሲን፣ የበሽታውን ተሐዋስያን ገድሎ ብዙ ሕፃናትን ከሞት ያድናል፤ ነገር ግን በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እየተጠራቀመ ሊጎዳቸው ይችላል። ቫንኮማይሲንና አይቡፕሮፌን የተጨመሩበት እንደ ሆነ ሸክሙ ይከብዳል። እያንዳንዱ መድኃኒት የታዘዘው በበቂ ምክንያት ነው፤ ድምሩን የሚመለከት ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

ጉዳቱ የሚታወቀው ክሬአቲኒን የተባለው የጡንቻ ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲበዛ ነው። ሽንት ሳይቀንስ እንኳ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ደም ምርመራ ነገሩ ተሰውሮ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሕፃንን በየቀኑ በመርፌ መውጋት ማንንም አያስደስትም። ስለዚህ ምርመራው ይዘለላል፤ ያልተመረመረውም ጉዳት እንደሌለ ይቆጠራል።

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 አንድ ቀላል ሥርዐት ጀመረ። የኩላሊት ሐኪሙ ዶክተር ስቱዋርት ጎልድስቲንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እንዳቀዱት፣ ፋርማሲስቱ በየቀኑ የተኙትን ሕፃናት የመድኃኒት መዝገብ ይመረምራል። በአንድ ቀን 3 ወይም ከዚያ በላይ ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶች የተሰጡት፣ ወይም የጄንታማይሲንን ወገን በደም ሥር 3 ቀን የተቀበለ ሕፃን ተለይቶ ይጻፋል፤ ክሬአቲኒኑም በየቀኑ እንዲለካ ይደረጋል። ሐኪሙም የትኛው መድኃኒት እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚለወጥ ያስባል። የግድ የሚያስፈልገው ይቀጥላል፤ የሚቀጥለው ግን እየታወቀ ነው።

በ2016 የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ የእነዚህ መድኃኒቶች ድርብርብ አሰጣጥ በ38 በመቶ፣ የኩላሊቱ ጉዳት ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። በ2020 የታተመው የ9 ሕፃናት ሆስፒታሎች ጥናትም ጉዳቱ በ23.8 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ሥራ አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ድንቅ መሣሪያም አልተገዛም። መዝገብ በየቀኑ ተገለጠ፤ የተጻፈውም ተነበበ። መዝገብ መያዝን እንደ ትንሽ ሥራ የምንቆጥር ወጣት ሠራተኞች፣ ይህን ብናስታውስ ይበጀናል።

ወላጅም ቢሆን ሐኪሙን በትሕትና ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ «ልጄ ዛሬ ስንት ዐይነት መድኃኒት ይወስዳል? ኩላሊቱስ መቼ ተመረመረ?» መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ትልቅ አደጋ ነው። ማቋረጡንም መቀጠሉንም ለሐኪሙ መተው፣ መጠየቁን ግን አለመተው ይገባል።