በእግሩ የሚሄድ አገርና ውፍረት

በገበያ ቀን በምዕራብ ጎጃም ከጅጋ ከተማ ዙሪያ ቀበሌዎች ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ በእግረኛ ይሞላል። በርበሬና በቆሎ የጫነ አህያ የሚነዳ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለች፣ ሁሉም በእግሩ ነው። ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው የገጠር ልጅም ስንቁን ተሸክሞ አቀበት ቁልቁለቱን ይያያዘዋል። ከዚህ ሕዝብ መካከል ቦርጫም ሰው ማግኘት ይቸግራል። በከተማው አስፋልት ዳር ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነው፤ ነጋዴው ከቤቱ ሱቁ ድረስ በባጃጅ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ሲመሽም በባጃጅ ይመለሳል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬም ያው ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 8 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ነበር፤ በ1992ቱ ዳሰሳ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጭማሪው ጎልቶ የሚታየው በከተሞች ነው። በዚያው በ2008ቱ ዳሰሳ ግን 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጫጭን ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስለ ውፍረት የሚያወራ ሰው፣ ብዙዋን እናት የሚያስጨንቃት የምግብ ማነስ እንጂ መብዛት እንዳልሆነ መርሳት የለበትም።

ተመራማሪዎቹ ባሴት፣ ፑቸርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓን፣ የሰሜን አሜሪካንና የአውስትራሊያን አገሮች አነጻጽረው፣ ሕዝቡ በእግርና በብስክሌት አዘውትሮ በሚጓዝበት አገር ውፍረት አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። በብሪታንያ 150 ሺህ ያህል ጎልማሶችን የተመለከተ እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት ደግሞ፣ ሥራ በብስክሌት የሚሄዱ ወንዶች በመኪና ከሚሄዱት ይልቅ ቀለል ያሉ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ልዩነቱ ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል። እርግጥ ድሮውንም ቀጭንና ጤነኛ የሆነው ሰው ብስክሌት መምረጡም ሊሆን ይችላል። በታንዛኒያ ሐድዛ በሚባሉ አዳኞች ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. የ2012 ጥናት ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ብዙ መንገድ በእግራቸው ቢሄዱም፣ የአካል መጠን ታሳቢ ሲደረግ በቀን የሚያቃጥሉት ጉልበት ከምዕራባውያን የሚለይ አልሆነም። እንግዲህ እግር ብቻውን አያቀጥንም፤ የሚበላውም ይቆጠራል። በእግር መሄድ ግን ክብደት ባይቀንስም ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበጃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የጅጋ ዙሪያ ገበሬ ይህን በአንድ የገበያ ቀን ሊሞላው ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱ ለውጦች አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ኑሮ ትንሽ ሻል ሲል ዘይትና ስኳር ወደ ቤት ይገባል፣ እግር ደግሞ ያርፋል። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ ዘይት ላጣ ቤት ይህ በጎ ዜና ነው። ግን ውፍረት እንደ ድሎት ይቆጠራል፤ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ማለት አሁንም ምርቃት ነው፤ በእግር የሚሄደውም ባጃጅ መክፈል ያቃተው ተደርጎ ይታያል። ባሕር ዳር በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌቱ ወደ ዳር ተገፋ።

በሌላ በኩል፣ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣን ሴት «ስፖርት ሠራች» ብሎ ማድነቅ ነውር ነው። ውኃው ደጇ ይምጣላት፤ መንገዱን ደግሞ ሸክም ሳይኖርባት ትሂደው።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ የተወሰኑ ጎዳናዎችን በወር አንድ እሑድ ለእግረኛ መልቀቅ ጀመረች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አገራዊ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ። ለትንንሽ ከተሞች ከእሑዱ ዝግጅት ይልቅ የዘወትሩ መንገድ ይበልጣል። ጅጋን ሰንጥቆ የሚያልፈው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው፤ የጭነት መኪና በሚበርበት መንገድ ዳር ተማሪ፣ አህያና ባጃጅ ይጋፋሉ። ከአስፋልቱ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ፣ ክዳን ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍና ሴት ልጅም ሳትሸማቀቅ የምትነዳበት የብስክሌት መስመር ቢኖር፣ አቅም ያለውም ሰው እስከ ሱቁ በእግሩ መሄድን ይመርጥ ነበር።