ፈቃድ የማይጠየቅበት ችሎታ

ገበጣ ሲጫወቱ ዳኛ አያስፈልግም፤ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ ጉድጓዶቹ ራሳቸው ያሳያሉ። በጠረጴዛ ዙሪያ በሚደረገው የምናብ ዓለም የሚና ጨዋታ ግን ከወረቀት፣ ከእርሳስና ከዳይስ ሌላ በዐይን የሚታይ ነገር እምብዛም የለም። ዋሻው፣ ዘንዶው፣ የተቆለፈው በር ሁሉም የሚቆሙት በንግግር ነው። አንድ ሰው የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ይዳኛልም፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ በኩር የሆነውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሠርተው በ1974 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት። ለጀማሪ ሲያስተዋውቁት የገጸ ባሕሪውን ልዩ ችሎታ እንደ ጀግናው ጉልበት መግለጽ የተለመደ ነው። እኔ ግን ችሎታ ከጉልበት ይልቅ ሥልጣን ነው እላለሁ፤ ከመሪው የመወሰን መብት ተቆርሶ ለተጫዋቹ የተሰጠ ድርሻ።

የመጀመሪያው እትም ሦስት ሙያዎች ነበሩት፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ብርታት፣ ብልኅነት፣ ጥበብ፣ ጽናት፣ ቅልጥፍናና ግርማ ሞገስ እያንዳንዳቸው በሦስት ዳይስ ይለካሉ። እነዚህ ልኬቶች ግን ገጸ ባሕሪው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይናገራሉ እንጂ ምን ማድረግ እንደሚችል በእርግጠኝነት አይናገሩም። ያንን የሚናገረው ልዩ ችሎታ ነው። ካህኑ ከመቃብር የተነሡ ሙታንን የማባረር ኃይል አለው፤ ጀማሪው ካህን አንድ የሚራመድ አፅም ለማባረር በሁለት ዳይስ 7 ወይም ከዚያ በላይ መጣል ይኖርበታል። ደረጃው ከፍ ሲል ግን በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ቁጥሩ ይጠፋና አፅሙ ያለ ዳይስ ይሸሻል፤ ከዚያም በላይ ሲያድግ ጭራሹኑ ይጠፋል። ካህኑ አደገ የምንለው ከዕድል ወጥቶ ወደ እርግጠኝነት ስለገባ ነው። በ2014 በወጣው አምስተኛው እትምም ያው አስተሳሰብ ይታያል፦ 11ኛ ደረጃ የደረሰ ሌባ በሠለጠነበት ሥራ ላይ ባለ 20 ገጽ ዳይሱ ከ10 በታች ቢያወጣ እንኳ እንደ 10 ይቆጠርለታል። የተካነ ሰው በሙያው አይዋረድም ማለት ነው።

ይህን መብት ሁሉም ሙያ እኩል አላገኘም፤ የጨዋታው ትልቁ ችግርም ከዚህ ይመነጫል ብዬ አምናለሁ። አስማተኛው ከ1974 ጀምሮ የተቆለፈ በር የሚከፍት ድግምት አለው፤ ድግምቱ ሲነገር በሩ ይከፈታል፣ ክርክር የለም። ሌባ የተባለው ሙያ በ1975 ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ሲመጣ የተሰጠው በመቶኛ የሚለካ ዕድል ነው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ጀማሪው ሌባ ቁልፍ የመክፈት ዕድሉ 25 በመቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ የመራመድ 15 በመቶ፣ ጥላ ውስጥ የመሰወር 10 በመቶ ነው። በአንድ ዘበኛ ፊት ድምፅ አለማሰማቱም መሰወሩም እንዲሳኩለት ከተጠየቀ የሚቀረው 1.5 በመቶ ብቻ ነው። ስሙ ሌባ የተባለ ሰው በመቶ ሙከራ አንዴ ወይም ሁለቴ ቢሰወር ችሎታ ተሰጠው ሊባል አይችልም።

ከአንጋፋዎቹ ተጫዋቾች የሚነሣው ተቃውሞ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ሌባው ከመምጣቱ በፊት ማንም ሰው ጫማውን አውልቆ በቀስታ ሊራመድ ይችል ነበር፤ ቀስ ብሎ መሄድ የአንድ ሙያ ችሎታ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ግን ተዋጊው «ይህ በወረቀትህ ላይ የለም» ይባላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ችሎታ ከሌሎቹ ላይ ነፃነት ይቀማል ይላሉ። ተቃውሞው እውነትነት አለው፣ ግን የሚመታው በመጥፎ የተጻፈውን ችሎታ ነው። ለሁሉም ክፍት የነበረውን ሙከራ ወስዶ ለአንዱ ብቻ የሚፈቅድ ችሎታ በእርግጥ ቀማኛ ነው። ሁሉም እንዲሞክር ትቶ ለባለሙያው ብቻ እርግጠኝነትን የሚጨምር ግን ከማንም አይወስድም። ካህኑ አፅሙን በእርግጠኝነት ማባረሩ ተዋጊውን ሰይፉን እንዳይመዝ አልከለከለውም።

ሌሎች ደግሞ ጥሩ መሪ ካለ የተጻፈ ችሎታ አያስፈልግም፣ ተጫዋቹ ሐሳቡን ይናገር፣ መሪውም በቅንነት ይፍረድ ይላሉ። ቅን መሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በቅንነት የተሰጠ ፈቃድም ያው ፈቃድ ነው። እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ የሚያሸንፈው አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ መሪውን ለዓመታት የሚያውቀው፣ ለመከራከር የማያፍረው ነው። ዓይናፋሩና አዲስ የመጣው ግን ዝም ይላል። በአምስተኛው እትም 2ኛ ደረጃ የደረሰ ተዋጊ በአንድ ተራው ተጨማሪ ድርጊት የመፈጸም ችሎታ አለው። ይህን ለመጠቀም ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም፤ ተጠቀምኩ ማለቱ ይበቃል። እንዲህ ያለው ችሎታ የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት ዝምተኛውን ነው።

መብት እንዲህ ከበዛ መሪው ምን ይቀረዋል ለሚለው መልሱ ችሎታው የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። የተዋጊው ተጨማሪ ድርጊት አንዴ ከወጣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ሳይደረግ አይመለስም። ሌባው በድንገት የሚያሳርፈው ከባድ ምት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባልደረባው ከጠላቱ አጠገብ መቆሙን ይጠይቃል፤ መብቱን ያገኘው በጓደኛው በኩል ነው። በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ለተዋጊውም ለአስማተኛውም ሁልጊዜ፣ በየውጊያው አንዴና በቀን አንዴ የሚሠሩ ችሎታዎችን በእኩል ሲያድል ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። በእኔ ግምት ጥፋቱ ተዋጊውን ከአስማተኛው ማስተካከሉ ላይ አልነበረም፤ ያ ሊመሰገንበት የሚገባ ነበር። ችሎታዎቹ በአብዛኛው በውጊያ ካርታ አራት ማዕዘኖች ስለተለኩ ከፍልሚያ ውጭ ተጫዋቹ ብዙ የሚናገርበት መብት አላገኘም።

የዚህ ሁሉ ጥሩ መፈተኛ ከድግምቶች ሁሉ የበላይ የሆነው የምኞት ድግምት ነው። በአምስተኛው እትም አስማተኛው በዚህ ድግምት 8ኛ ደረጃና ከዚያ በታች ያለን ማንኛውንም ሌላ ድግምት ሊያስገኝ ይችላል፤ ይህ ያለ ጥያቄ ይፈጸማል። ከዚያ አልፎ በራሱ ቃል የፈለገውን ሲመኝ ግን ፍርዱ ወደ መሪው ይመለሳል፤ መሪው ምኞቱን ሊያጣምመው ወይም ሊያከሽፈው ይችላል፣ አስማተኛውም ድግምቱን ዳግመኛ እንዳይጠቀም የመከልከል 33 በመቶ ዕድል ይጋረጥበታል። በጨዋታው ውስጥ እጅግ ሰፊ የተባለው ኃይል ስፋቱ ገደብ ባጣበት ቦታ ላይ እንደገና ልመና ይሆናል።