ማሽን አማርኛን የሚረዳው እንዴት ነው?

«ዶሮው ይበላል።» ይህ አጭር ዓረፍተ ነገር ሁለት ፍቺ አለው። «በ» ላልቶ ሲነበብ የሚበላው ዶሮው ራሱ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ዶሮው ለገበታ ይቀርባል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ የምንለየው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። «ዶሮው ገብስ ይበላል» እና «ዶሮው በእንጀራ ይበላል» ሲባል ማንም አይሳሳትም። ኮምፒውተር ቋንቋ እንዲረዳ የሚደረገው ምርምርም ዋና ሥራው ይኸው ነው።

ጆሴፍ ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው «ኤሊዛ» የተባለ ፕሮግራም ከሰው ጋር የሚወያይ ይመስል ነበር። የሚሠራው ግን ቁልፍ ቃላትን እየለቀመ በተዘጋጀ ቅርጽ መልስ በመመለስ ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ማሽኖች የሚማሩት ከብዛት ነው። ከአንድ ጽሑፍ ላይ ቃል ይደበቅና «ምን ይሆን?» ተብለው እንዲገምቱ ይደረጋል፤ ሲሳሳቱ ይታረማሉ፤ ይህ እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2017 የጎግል ተመራማሪዎች ያቀረቡት «ትራንስፎርመር» የተባለው አሠራር ደግሞ እያንዳንዱን ቃል በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካሉት ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ያመዛዝናል። «ይበላል»ን በ«ገብስ» በኩል መፍታት የሚቻለው በዚህ ነው።

ችግሩ ብዛቱ ላይ ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ «አልነገርኳትም» የምትለው አንዲት ቃል ተናጋሪውን፣ የሚነገራትን ሴት፣ ድርጊቱንና አሉታውን አንድ ላይ ይዛለች። «ነገረ» እንዲህ እየረባ ብዙ መልክ ስለሚያወጣ፣ ማሽኑ አብዛኛዎቹን የሚያገኛቸው አልፎ አልፎ ነው፤ ጨርሶ የማያገኛቸውም አሉ። ስለዚህ ቃሉን ቆራርጦ ያነባል። የመቁረጫው ስልት ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተቀዳ ከሆነ ግን ሥርና ቅጥያ ሳይለይ ይበጣጥሰዋል።

የሰው ስምም ሌላ ፈተና ነው። በፊደላችን ስምን የሚለይ ትልቅ ፊደል የለም። «ደስታ መጣ» ሲል ሰው ነው የመጣው ወይስ ስሜት? አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በ«ማሳካኔ» ማኅበረሰብ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2021 አማርኛን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስሞች ምልክት የተደረገባቸውን የዜና ጽሑፎች ይፋ አድርገዋል። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዘጋጁት እንዲህ ያለ ሥራ፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም ትልቅ ማሽን ይበልጣል።

«ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለኮምፒውተር ሦስት ቃላት ስለሆኑ ብዙ ባለሙያዎች ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይጠቀልላሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል። ዋናው ጽሑፍ ላይ ግን ባይነኩት ይሻላል፤ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነውና።

ጎግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ነው። ለዜና ወይም ለሰላምታ ደብዳቤ ይረዳል። ለመድኃኒት ማዘዣና ለፍርድ ቤት ወረቀት ግን በእሱ ብቻ አይተማመኑ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጤና አገልግሎት ደንብ እንኳ፣ በማሽን የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍ ብቁ በሆነ ሰው ተርጓሚ እንዲታይ ያዛል። እዚያ የምትኖሩ ሆስፒታል ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም።