ከመዥገር በሽታ የዳነ ሰው ለምን ይደክመዋል?

መዥገር የከብት ጠላት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ዳሩ ግን ሰውንም ነክሶ ያሳምማል። በአሜሪካ አገር፥ በኮነቲከት ግዛት፥ «ላይም» በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ብዙ ልጆች ጉልበታቸው እያበጠ ስለ ታመሙ ምርመራ ተጀመረ፤ በሽታውም በከተማይቱ ስም ተጠራ። በ1982 ዓ.ም. ቪሊ ቡርግዶርፈርና የሥራ ባልደረቦቹ በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ከመዥገር ውስጥ ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ብዙው በሽተኛ በጥቂት ሳምንት መድኀኒት ይድናል። አንዳንዱን ግን ድካም፥ የመገጣጠሚያ ሕመምና የሐሳብ መበታተን ከስድስት ወር በላይ አይለቀውም። ይህን ሰው ሰነፍ ማለት ስሕተት ነው። ያንኑ መድኀኒት ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፤ በ2001 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ እንዲህ ሕመሙ ከቀረባቸው ሰዎች መካከል 90 ቀን መድኀኒት የወሰዱት፥ መድኀኒት መሳይ ባዶ ነገር ከተሰጣቸው የበለጠ አልተሻላቸውም።

ሌላም መጠርጠር ያለበት ነገር አለ። አንዲት መዥገር በአንድ ንክሻ ሁለት በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። «ባቤዝያ» የሚባለው ተውሳክ እንደ ወባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ትኩሳት፥ ላብና የደም ማነስ ያመጣል፤ ለላይም በሽታ የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን ይህን አያጠፋውምና ሌላ መድኀኒት ያሻዋል። ስለዚህ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ደሙ እንደ ገና በማይክሮስኮፕ ሊታይለት ይገባል።

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን የታመመ ጓደኛችንን «ድነሃል፥ ተነሥ» ከማለታችን በፊት «ምን ቀረህ?» ብለን ልንጠይቀው እንችላለን።