ገንዘቡ ያለው ዲፓርትመንቱ ጋ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራቂ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሜሪካ ለማስተርስ ተቀብለውታል፤ ክፍያውን ግን ራስህ ቻል ብለውታል። መልእክቱን ሳነብ የራሴው ታሪክ ትዝ አለኝ። እኔም መጀመሪያ ለማስተርስ አመልክቼ ሦስት ቦታ ተቀበሉኝ፤ አንዱም ቤሳ አልሰጠኝም። የማመልከቻውን ክፍያ የቻለችልኝ እህቴ ነበረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በፖለቲካ ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ በአብዛኛው ከፍሎ ነው የሚማረው። ተከፍሎት የሚማረው የፒኤችዲ ተማሪ ነው። ብዙ ዲፓርትመንቶች ደግሞ ለፒኤችዲ ማስተርስ አይጠይቁም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባል። እኛ አገር አንዱን ሳንጨርስ ሌላውን ስለማንጀምር "ፒኤችዲ ለእኔ ገና ነው" እያልን እናልፈዋለን።

ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚሞላ የስኮላርሺፕ ፎርም የለም። ቅበላውና ገንዘቡ አብረው ይመጣሉ፦ የትምህርት ክፍያ ይነሳላችኋል፣ የጤና መድንና ስታይፔንድ (የኑሮ ገንዘብ) ይሰጣችኋል። በምትኩ ቲኤ (የመምህር ረዳት) ሆናችሁ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ታስተምራላችሁ፣ ፈተና ታርማላችሁ። አደራ፣ ስታይፔንዱ የ9 ወር ነው ወይስ የ12 ብላችሁ ጠይቁ። በተማሪ ቪዛ ያለ ልዩ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት ስለማይቻል፣ የ9 ወር ከሆነ ክረምቱ ይከብዳል።

ዋናው ነገር ግን ዓላማችሁን የምትገልጹበት ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ "ከልጅነቴ ጀምሮ አገሬን ለማገልገል..." ብሎ ይጀምር ነበር። እውነቴን ነበር፤ ለአንባቢው ግን ምንም አይነግረውም። በሁለተኛው ዓመት ጥያቄ ይዤ ሄድኩ፦ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ወረዳዎች አንዱ የመሬት ግብር በጊዜው ሲሰበስብ ሌላው ለምን ያቅተዋል? ከዚያ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚሠሩ መምህራን ያሉባቸውን ዲፓርትመንቶች ብቻ መረጥኩ። ገንዘቡ የመጣው በዚያ ነው።

አብዛኛው ማመልከቻ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይዘጋል። የማመልከቻው ክፍያ ከከበዳችሁ ይነሳልኝ ብላችሁ ጻፉላቸው፤ የሚፈቅዱ አሉ፣ ነውር የለውም። ገንዘብ ያለው ቅበላ ሲመጣም ቶሎ ወስኑ ቢሏችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ ጊዜ ለመስጠት ተስማምተዋል።

በ2025 አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ቅበላቸውን ስለቀነሱ ዓይናችሁን አሜሪካ ላይ ብቻ አትጣሉ። ስዊድንና ኖርዌይ ውስጥ ፒኤችዲ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ ይወጣል። እዚያ ግን ማስተርስ ይፈለጋል። ማስተርሱን ለሚሹ የእንግሊዙ ቼቭኒንግና የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናሉ። ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ወደ አገራችሁ ትመለሳላችሁ።

ዘንድሮ የምታመለክቱ ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ የደረሰኝን ሁሉ አንብቤ እመልሳለሁ።