ምዕራፍ 6፦ የውጤት ሰሌዳው ለምን ይነዝራል?

ስለ ግራውንድ ከሚነገሩት ማብራሪያዎች ሁሉ የከፋው «ትርፉን ከረንት መሬት ትውጠዋለች» የሚለው ነው። ይህን ያመነ ሰው የብረት ዘንግ ይቀብራል፣ ዙሪያውን ጨውና ከሰል ይሞላል፣ «ግራውንድ ተሠርቷል» ብሎም ይሄዳል። መሬት ከረንት አትውጥም። ከትራንስፎርመር የወጣ ከረንት በሙሉ ወደዚያው ትራንስፎርመር ይመለሳል፤ ጥያቄው በየት በኩል ነው የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ለአርሲ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ደራርቱ ቱሉን ለ1984ቱ የባርሴሎና ወርቅ ካበቃችው ከበቆጂ ተነስቶ እዚያው በቆጂ የሚያልቅ የአገር አቋራጭ ውድድር ይታሰብ። ትራንስፎርመሩ መነሻም መድረሻም ነው። ፌዝ መሄጃው፣ ኒውትራል መመለሻው መንገድ ነው። የግራውንድ ሽቦው ለክፉ ቀን ክፍት የተተወ ሰፊ አቋራጭ ነው፤ ፌዝ ከብረት ጋር ሲነካካ ሯጮቹ በእሱ በኩል ይጎርፋሉ፣ ብሬከሩም ግርግሩን አይቶ ውድድሩን ያቋርጣል። አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ መነሻው ላይ የቆመ ዳኛ ነው፦ የወጡትን በኒውትራል ከተመለሱት ጋር ያነጻጽራል፣ ጥቂት ከጎደሉ ፊሽካውን ይነፋል። አፈሩ ደግሞ የታረሰ ማሳ ነው፤ በእሱ በኩል የሚመለሱት ጥቂት ናቸው። ምሳሌው የሚሰናከለው ዝናብ ሲመጣ ነው፦ ጭቃ ሯጭን ያስቸግራል፣ ለከረንት ግን ይመቸዋል። የአርሲ ጥቁር አፈር በክረምት ጥሩ አስተላላፊ ሆኖ በበጋ ሲሰነጣጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል። ጨውም ቢሆን በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ እስኪሄድ ድረስም ብረቱን ይበላዋል።

ስሌቱ ይታይ። የዘንጉ ሬዚስታንስ 20 ኦም ቢሆን፣ 220 ቮልት በእሱ በኩል የሚያሳልፈው 11 አምፔር ነው። 32 አምፔር ብሬከር ለዚህ ንቅንቅ አይልም። ሰሌዳው መብራቱን እያበራ፣ ብረቱም ገዳይ እንደሆነ ይቆያል።

ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ግርጌ ባለ አንድ ሜዳ ላይ የገጠመው ግን ከዚህም የረቀቀ ነበር። በግንብ ላይ የተሰቀለው የኤልኢዲ ሰሌዳ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተጫዋቾችን ይነዝር ነበር። የዚህ መጽሐፍ ጸሐፊ መልቲሜትር ይዞ ሲደርስ ኬብሉ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። በብረቱና በእርጥቡ መሬት መካከል ወደ 100 ቮልት ተገኘ። የተበላሸ ዕቃ ግን አልነበረም! ሶኬቱ ሲፈታ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከሥሩ ተቆርጦ በቴፕ ተጠቅልሏል።

ምስጢሩ ያለው በፓወር ሰፕላዮቹ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ፣ የኤሌክትሪክ ረብሻን ለማጣራት፣ በካፓሲተር በኩል ጥቂት ከረንት ወደ ብረቱ ያሾልካል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊአምፔር አይበልጥም። አንድ ብቻ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። 4 ሜትር በ2 ሜትር ገደማ የሆነ ሰሌዳ ግን 32 በ16 ሳንቲሜትር የሆኑ 144 ሞጁሎች አሉት፤ ለስድስት ሞጁል አንድ ፓወር ሰፕላይ ቢመደብ 24 ይሆናሉ። ድምሩ እስከ 24 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ሰው የጨበጠውን ብረት መልቀቅ የሚያቅተው ከ10 ሚሊአምፔር ገደማ ጀምሮ ነው። የግራውንድ ሽቦው ሲቆረጥ ይህ ሁሉ ሰሌዳውን በነካው ሰው በኩል ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው አርሲዲ «ያስቸግራል» ተብሎ የሚነቀለው። 30 ሚሊአምፔር የተባለው ከ15 ጀምሮ ሊቆርጥ ይችላል፤ 24ቱን ፓወር ሰፕላይ በአንድ አርሲዲ ላይ መጫን ራሱ ስህተት ነው። ስምንት ስምንቱን ለሦስት አርሲዲ ማከፋፈል በቂ ነው። የሕይወት ጠባቂን ነቅሎ መጣል በምንም ስሌት መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

ሌላው የሚያናድድ ምክር ደግሞ «ለኤሌክትሮኒክስ ንጹህ ግራውንድ ለብቻው ይቀበር» የሚለው ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ ሁለቱ ዘንጎች የተለያየ ቮልቴጅ ይይዛሉ፣ ልዩነቱም በዳታ ኬብሉ አድርጎ ውጤት መዝጋቢው ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። ዘንግ ለመብረቅ ያስፈልጋል፤ ግን ከሕንፃው ግራውንድ ጋር በወፍራም መዳብ መታሰር አለበት።

መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ መነሻና መድረሻው ጄኔሬተሩ ይሆናል። ኒውትራሉ ከግራውንድ ጋር ካልታሰረ፣ ፌዝ ብረቱን ቢነካም አርሲዲው የሚያየው ጉድለት የለም፤ ስለዚህ ይህን ማሰሪያ ከጨዋታ በፊት በመልቲሜትር ማረጋገጥ ግድ ነው።