ቤታችን የእኛ ነው ወይስ አይደለም?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ሐረር ውስጥ፣ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ንብረት መብት እያስተማርኩ ሳለ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ ቤታችን የእኛ ነው ወይስ አይደለም?» አለኝ። (ልጅ ሳለ መድረሳ ያስቀራሁት ስለሆነ ትምህርት ቤትም «ኡስታዝ» ማለቱን አልተወም።) ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። የታላቅ ወንድሙ ኒካሕ ለሸዋል ወር ተቀጥሮ ስለነበር አባትየው ለአዲሶቹ ባልና ሚስት ክፍል ሊጨምሩ አሰቡ። ብሎኬት፣ ብረትና ሲሚንቶ ገዙ፤ የጓሮውን ግድግዳ አስፈርሰው ባለ አንድ ፎቅ ሊሠሩ ጀመሩ። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን የቅርስ ጥበቃ ሠራተኞች መጥተው አስቆሙት። ግድግዳው እንደ ፈረሰ፣ ብሎኬቱ እንደ ተከመረ ቀረ። ዝናቡም መጣ።

በዚህ ቤተሰብ የደረሰው በብዙ የጀጎል ቤተሰብ ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ለምን?» ብለን መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንደሚታወቀው ጀጎል በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን የታጠረ፣ 48 ሄክታር ያህል የሚሰፋ ከተማ ነው። በ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ 82 መስጂዶቹና 102 የአውልያ ቀብሮቹ ተጠቅሰዋል። ብዙ ሰው ቅርስ ሲባል እነዚህንና አምስቱን ጥንታዊ በሮች ብቻ ያስባል። ሆኖም መዝጋቢዎቹ እጅግ ያደነቁት የመኖሪያ ቤቱን የውስጥ አሠራር ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ቡና የሚያፈሉበትን ቤት!

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ነደባ የሚባሉት የመቀመጫ መደቦች እንደየደረጃቸው ይነሳሉ። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ በሩን እያየ የሚቀመጥበት ነው፤ ሌላው የእንግዳ፣ ሌላው የታናናሾች ነው። ልጅ ሳይነገረው ቦታውን የሚያውቀው በቤቱ አሠራር ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀይነቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያ ቀናቸውን የሚያሳልፉባት። እንግዲህ አስቡት፤ አባትየው ለሙሽሮች ክፍል ለመሥራት ብለው ያፈረሱት ግድግዳ የኪርታትን ጀርባ የያዘውን ነበር።

ስለ ሲሚንቶም ልናገር። ብዙዎቻችን «ጠንካራ ነው» ብለን እንመርጠዋለን። ነገር ግን የቆየው ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ውስጥ ውስጡን ጭቃውን ያላላዋል፤ ልስኑም እያበጠ ይረግፋል። በጀጎል ደግሞ ብዙ ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ። የእኔ እርጥበት የጎረቤቴ እርጥበት ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ ማንኛውም የጥገና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ደንግጓል። «ከመጀመሩ በፊት» የሚለውን አስምሩበት። ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ከማስቆምና ከመቅጣት በቀር ምን ማድረግ ይችላል?

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ በንብረቴ ማን ያዝብኛል?» ይላሉ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ቱኒስ ውስጥ ኢብኑ ራሚ የሚባል ግንበኛ ነበር። የሕንፃ ክርክር ሲነሳ ለቃዲው እየተመለከተ ሙያዊ ምስክርነት ይሰጥ ነበር፤ በኋላም የግንባታን ብይኖች በመጽሐፍ ሰበሰበ። የጋራ ግድግዳ፣ መንገድ የሚያጠብ ግንባታ፣ ወደ ሰው ግቢ የሚያይ መስኮት፣ ሁሉም አለበት። እርግጥ የኢብኑ ራሚ ጉዳይ የጎረቤት ጉዳት እንጂ የቤቱ ጥንታዊነት አይደለም። ቢሆንም ሰው በገዛ ግድግዳው ላይ የፈለገውን ማድረግ እንደማይችል ፊቅሃችን ከጥንት ያውቀዋል። የተማሪዬ አባት ሊሠሩት የነበረው ፎቅም ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ልብስ የምታሰጣበትን ግቢ ቁልቁል የሚያሳይ ነበር። ይህን ማንም አላሰበውም፤ እኔም ብሆን በሰገነቱ ላይ እስክቆም ድረስ አላስተዋልኩትም።

ይህን ስል ግን ጥፋቱን ሁሉ በቤተሰቡ ላይ መጫኔ አይደለም። የሰው ቁጥር ጨምሯል፤ ሦስት ትዳር በአንድ ግቢ ይኖራል፤ መጸዳጃ ያስፈልጋል። «አትንካ» ብቻ የሚል ጽሕፈት ቤት ሰውን ሌሊት እንዲገነባ ያስተምረዋል። ከአባትየው ጋር ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለት ጊዜ «ባለሙያው የለም፤ ነገ ተመለሱ» ተብለናል። አዋጁ ጥገናው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን እንዲሸፍን ይላል፤ አባትየው ግን ይህን ጽሑፍ እስክጨርስ አንድ ሳንቲም አላገኙም።

በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ተገኘ። ወጣት ነው። ግቢውን በሜትር ለካ፣ ፎቶግራፍ አነሳ፤ ከዚያም ጥግ ላይ ወደ ፈረሰው የድሮ ማድቤት ሄዶ ረጅም ጊዜ ቆመ። «አባ፣ ይህ መሠረት አለው» አላቸው። በዚያው መሠረት ላይ፣ በድንጋይና በጭቃ፣ ከዋናው ቤት ሳይበልጥ፣ መስኮቱ ወደ ራስ ግቢ ሆኖ አንድ ክፍልና መጸዳጃ እንዲሠሩ፤ የፈረሰውም ግድግዳ በራሱ ድንጋይ እንዲመለስ ተስማሙ። አባትየው መጀመሪያ ተቆጡ። «ብሎኬቱንስ ምን ላድርገው?» አሉ። በኋላ በኪሳራ ሸጡት። በጭቃ መገንባት የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጎ ማግኘቱም ቀላል አልነበረም።

ኒካሑ ከሸዋል ወደ ዙልሒጃ ተገፋ። ግድግዳው ደርሶ ስለነበር ሙሽራዋ የገባችው አልሐምዱሊላህ ወደዚያችው ኪርታት ነው። አዲሱ ክፍል ገና ጣሪያ አልለበሰም። ባለፈው እሑድ በዚያ ሳልፍ ተማሪዬ ለግንበኛው ድንጋይ ሲያቀብል አየሁት። ሰኞ የቤት ሥራውን ሳይሠራ መጣ።